አምስቱ የጠላት ዓመታትና አርበኞቹ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካልተጠቀሰ በቀር ቀኖቹ ሁሉ በእኛው ዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ጣልያን መቼ ገባ? መቼስ ወጣ?

የጣልያን ጦር የመረብን ወንዝ የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጦርነት አላወጀም። ሰበብ ያደረገው በኅዳር 1927 ወልወል ላይ የተነሳውን ግጭት ነበር። ከሰበቡ በስተጀርባ ግን የአርባ ዓመት ቂም ነበር፤ ዓድዋ ላይ የደረሰበትን ሽንፈት ሮም አልረሳችውም።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ ትልቁ ጦርነት ተደረገ፤ የእኛ ጦር ተሸነፈ። ሚያዝያ 24 ቀን ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ወጡ። ሚያዝያ 27 ቀን ማርሻል ባዶሊዮ ከተማዋን ያዘ። ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ንጉሡ ተመልሰው አዲስ አበባ ገቡ። «አምስቱ ዓመት» የምንለው ይህንን ነው። የመጨረሻው የጣልያን ጦር ግን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ከዚያም በኋላ፣ በኅዳር 1934 ነው።

የድል ቀን ሚያዝያ 27 ነው ወይስ መጋቢት 28?

መጋቢት 28 ቀን 1933 በጄኔራል ካኒንግሃም የሚመራው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን ነው። ሚያዝያ 27 ንጉሡ የገቡበት ነው። በደርግ ዘመን በዓሉ ወደ መጋቢት 28 ተዛውሮ ነበር፤ በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። አራት ኪሎ ያለው ሐውልት የቆመው ለሚያዝያ 27 ነው። ስድስት ኪሎ ያለው ደግሞ ለየካቲት 12 ሰማዕታት ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው እዚህ ያነሳሁት።

አርበኛ የሚባለው ማን ነበር?

ጣልያን «ሽፍታ» ይላቸው ነበር። ከማይጨው የተረፈ ወታደር አለ። ደጃዝማች አለ፣ ገበሬ አለ፣ የቆሎ ተማሪ አለ። ከጦርነቱ በፊት በደም ምክንያት ሸፍቶ የኖረም አለ፤ ጠላት ሲመጣ አፈሙዙን ወደ ጠላት አዞረ። አንድ የጋራ አዛዥ አልነበራቸውም። እያንዳንዱ የሚዋጋው በአገሩ፣ በሚያውቀው ገደልና ጫካ ነበር። ይህ ድክመትም ብርታትም ሆኗል። እርስ በርስ የተጣሉበት ጊዜ አለ። ግን አንዱ ቢሞት ሌላው አይፈርስም፤ ጣልያንም አንድ ራስ ቆርጦ ነገሩን መጨረስ አልቻለም።

በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ እስከ መጨረሻው ሳይያዙ ቆዩ። በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ልጅ ኃይሉ በለው ነበሩ። በጎንደር በኩል አሞራው ውብነህ ተሰማ፣ በወሊሶ አካባቢ ገረሱ ዱኪ ነበሩ። በኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑት ጃገማ ኬሎ ጫካ ሲገቡ ዕድሜያቸው 15 ዓመት ገደማ ነበር። በምዕራብ ደግሞ የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ልጆችና ሌሎች የተማሩ ወጣቶች «ጥቁር አንበሳ» የሚባል ማኅበር መሥርተው ነበር፤ ሊቀ መንበሩ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለምወርቅ በየነ ነበሩ። ማኅበሩ ራስ እምሩን መሪው አድርጎ ቢዋጋም በ1929 መጀመሪያ ላይ ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከቦ ተያዘ።

መሣሪያቸው ምንሽር፣ ውጅግራና አልቤን ነበር። ጥይት በቁጥር ነው። ከጠላት የተማረከ ጠመንጃ ለአንድ ቡድን ትልቅ ሀብት ነበር። ስንቅ ማለት በሶና ቆሎ ነው። ጠጉራቸውን ሳይቆረጡ አጎፍረው የሚታዩባቸውን ፎቶዎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ያ ጎፈሬ ለጌጥ አልነበረም፤ አገሬ ነጻ ሳትወጣ አልቆረጥም ብሎ የማለ ብዙ ነበር።

የውስጥ አርበኛ ምንድን ነው?

ከተማ ተቀምጦ፣ አንዳንዴም የጣልያን ደሞዝ እየበላ፣ ለጫካው የሚሠራ ሰው ነው። ወሬ ያቀብላል። ጥይት፣ መድኃኒት፣ ጨው፣ ጨርቅ ይልካል። «ነገ በዚህ በኩል ጦር ይወጣል» የሚል አንዲት ብጣሽ ወረቀት የስንቱን ነፍስ አትርፋለች።

አያቴ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ጤፍ በቁና ሰፍራ ገበያ ትልካት ነበር። ከጤፉ ሥር ጥይት እንዳለ ልጅቷ አታውቅም። ኬላ ላይ ሰላቶው እጁን ጤፉ ላይ አሳርፎ ዳሰስ ያደርግና «እለፊ» ይላታል። አያቴ ይህን ካወቀች በኋላ፣ አርጅታም ቢሆን፣ ጤፍ ስትሰፍር እጇን እስከ ክርኗ ድረስ ከታ ትዳስስ ነበር። ለምን እንደሆነ የነገረችን በጣም ቆይታ ነው።

ሴቶችስ?

ሴቶቹ ስንቅ ብቻ ያዘጋጁ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሳ በታኅሣሥ 1929 ፍቼ ላይ ከተገደሉ በኋላ የባላቸውን ሰዎች ይዘው በጦር መሪነት ተዋግተዋል። ደጃዝማች አበራ የተገደሉት «እጃችሁን ብትሰጡ ምንም አንነካችሁም» ተብለው ቃል ከተገባላቸው በኋላ መሆኑን እዚህ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የጣልያንን ቃል የሚያምን ጠፋ።

ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች መሣሪያና መረጃ ሲያቀብሉ ተይዘው ተሰቃይተዋል። ጣልያን አገር አዚናራ ደሴት ላይ ታስረዋል። ተፈትተው ሲመለሱ ደግሞ ሥራቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። እኔ ከሁሉም በላይ የሚደንቀኝ ይሄ መመለሳቸው ነው።

የካቲት 12 ምን ሆነ?

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣልያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለበት ስድስት ኪሎ፣ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝብ ሰብስቦ ነበር። ምክንያቱ የጣልያን አልጋ ወራሽ ልጅ መወለድ ነው። ከሕዝቡ መሀል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ሁለቱም የኤርትራ ተወላጆች ናቸው። ግራዚያኒ ክፉኛ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ስምዖን አደፍርስ የሚባል ባለታክሲ ረድቷቸዋል፤ በኋላ ተይዞ በስቃይ ሞቷል።

ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ አዲስ አበባ ታረደች ማለት ይቻላል። ጥቁር ሸሚዝ የለበሱት ፋሺስቶች ቤት ለቤት እየዞሩ በጥይት፣ በዱላ፣ በአካፋ ገደሉ። የሣር ጎጆዎች ሰው በውስጣቸው እንዳለ በእሳት ተለኮሱ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አስታውቋል። በቅርብ የተደረገ ጥናት ወደ 19,000 ያወርደዋል። የትኛውንም ብትወስዱ ያኔ አነስተኛ በነበረች ከተማ ነው፣ ያውም በሦስት ቀን።

ከሦስቱ ቀን በኋላም አላበቃም። የተማረ ወጣት እየተለቀመ ተረሸነ። መኳንንቱ ወደ ጣልያን ተጋዙ። ብዙ ሰው ሶማሊያ ዳናኔና ቀይ ባሕር ላይ ወዳለችው ኖክራ እስር ቤት ተላከ። ግራዚያኒ አዝማሪዎችና ጠንቋዮች ጭምር እንዲገደሉ አዘዘ። የጣልያን መንግሥት ይወድቃል እያሉ ያወራሉ ተብለው ነው። ማሲንቆ የያዘን ሰው የሚፈራ መንግሥት ምን ያህል መሬት እንደያዘ እዚህ ላይ ይታያል።

ቤተ ክርስቲያንስ ምን ደረሰባት?

ሐምሌ 1928 አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሞክረው አልተሳካላቸውም። አብረዋቸው የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ ተይዘው ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ ተረሸኑ። ጠላትን አውግዙ እንጂ አትገዙ ብለው ሕዝቡን አስተምረዋል። ምድሪቱም ለጠላት እንዳትገዛ ገዝተዋል ይባላል። ሐውልታቸው ፒያሳ ጊዮርጊስ አጠገብ አለ። አቡነ ሚካኤልም ጎሬ ላይ በተመሳሳይ መንገድ ተገድለዋል።

ከሁሉ የከፋው ደብረ ሊባኖስ ነው። በግንቦት 1929፣ ለግንቦት 12 የተክለ ሃይማኖት በዓል ሕዝብ በተሰበሰበበት ሰሞን፣ የጄኔራል ማሌቲ ጦር ገዳሙን ከበበ። ሰበቡ አብርሃና ሞገስ በዚያ አልፈዋል የሚል ነው። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም በላከው ቴሌግራም መነኮሳቱንና ዲያቆናቱን ጨምሮ 449 ሰው መግደሉን አስታውቋል። በኋላ የተደረገው ጥናት ግን ቁጥሩን ከ1,400 በላይ ያደርሰዋል።

እውነት የመርዝ ጋዝ ተጠቅመዋል?

አዎ። ጣልያን በ1925 እ.ኤ.አ. በጄኔቫ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን ስምምነት ፈርማ ነበር። ፈርማ ስታበቃ በወታደርም፣ በሰላማዊ ሰውም፣ በከብትም፣ በውኃም ላይ በአውሮፕላን ረጨችው። በ1931 ዓ.ም. ደግሞ መንዝ ውስጥ፣ ዘረት ዋሻ የተሸሸጉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በጋዝ አልቀዋል። ጣልያን ለብዙ አሥር ዓመታት ክዳ ኖራ የመከላከያ ሚኒስቴሯ በይፋ ያመነው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

ነጻ ያወጣን እንግሊዝ አይደለም እንዴ?

ይህ ጥያቄ ሲነሳ ሰው ይናደዳል። መናደድ አያስፈልግም፤ ቀኖቹን ማየት ይበቃል። እንግሊዝ በ1938 እ.ኤ.አ. የጣልያንን ግዛት በይፋ ተቀብላ ነበር። ሐሳቧን የቀየረችው ሰኔ 3 ቀን 1932 ጣልያን ጦርነት ስላወጀችባት ነው። እስከዚያ ድረስ ያሉትን አራት ዓመታት አርበኛው ብቻውን ነው የተዋጋው።

እንግሊዝ ሲመጣ የጦር መሣሪያ፣ አውሮፕላንና ገንዘብ አመጣ፤ ይህ መካድ የለበትም። ከረን ላይ የተደረገው ከባድ ጦርነት የጣልያንን ወገብ ሰብሯል። በጎጃም በኩል ከንጉሡ ጋር የገባው የሜጀር ዊንጌት ኃይል ግን ሁለት ሺህ ገደማ ሰው ነበር። ያን ያህል ጦር ጎጃምን የሚያህል አገር አቋርጦ ማለፍ የቻለው ገጠሩ ቀድሞውኑ በአርበኞች እጅ ስለነበረ ነው። ጣልያን ከምሽጉና ከመንገዱ ውጭ አልነበረም። ደግሞ «እንግሊዝ» የሚባለው ጦር ውስጥ የነበሩት ብዙዎቹ ናይጄሪያውያን፣ ጋናውያን፣ ኬንያውያን፣ ሱዳናውያንና ሕንዶች ነበሩ።

ከድሉ በኋላ ያለው ብዙ አይወራም። እንግሊዝ አገሩን «ከጠላት የተያዘ ግዛት» ብላ ማስተዳደር ጀመረች። ጥር 1934 የተፈረመው ስምምነት የኢትዮጵያን ነጻነት ቢያውቅም ብዙ ነገር በእንግሊዝ እጅ ተወው። ይህን ለማላላት እስከ ታኅሣሥ 1937ቱ ሁለተኛ ስምምነት መድረስ ነበረበት። ኦጋዴን ከዚያም በኋላ ቆየ፤ የመጨረሻው ቁራጭ የተመለሰው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው። ጠላትን ማስወጣት አንድ ትግል ነበር። ወዳጅን ማስወጣት ሌላ ትግል ሆነ።

ጣልያን መንገድ ሠርቶልን የለ?

ሠርቷል። ጣርማበርን በዋሻ ሰርስሮ አልፏል፤ ሊማሊሞን ጠምዝዞ ወጥቷል። ዛሬም እንሄድበታለን። የተሠራው ግን ለጦር መኪና ነው። አርበኛው ተራራ ላይ ስላስቸገረ ወታደርና መድፍ በፍጥነት ለማድረስ ነው። መርካቶንም አዲስ አበባ ውስጥ ያቋቋሙት አበሻውን ከነጩ ሰፈር ለማራቅ ብለው ነው። በመንገዱ መጠቀማችን ጥሩ ነው። ለመንገዱ ማመስገን ግን ሌላ ነገር ነው።

ንጉሡ መሰደዳቸው ልክ ነበር?

ያኔም ያከራከረ፣ ዛሬም የሚያከራክር ነው። አንዱ ወገን ንጉሥ በጦር ሜዳ ይሞታል እንጂ አይሰደድም ይላል፤ ዓፄ ቴዎድሮስንና ዓፄ ዮሐንስን ይጠቅሳል። ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት በጊዜው ስደቱን በግልጽ ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ። ሌላው ወገን ደግሞ ንጉሡ ቢያዙ ኖሮ ኢትዮጵያን ወክሎ የሚናገር አይኖርም ነበር ይላል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ ያደረጉት ንግግር የዓለምን መንግሥታት ባያንቀሳቅስም ጥቁሩን ዓለም አነቃንቋል። ለንደን ላይ ጆሞ ኬንያታና ጓደኞቹ ለኢትዮጵያ የሚቆም ማኅበር መሥርተው ነበር። ኋላ አገሮቻቸውን ነጻ ያወጡ ብዙ መሪዎች የፖለቲካ ዓይናቸው የተገለጠው በዚህ ወረራ ነው።

የእኔ አስተያየት ይሄ ነው፦ ስደቱ ጥቅም ነበረው። ግን ንጉሡ ሲመለሱ ከስደት የመጣውን ከጫካው በላይ ማስቀመጣቸው ቁስል ትቶ አልፏል። ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ የሚያደርሰንም እሱ ነው።

በላይ ዘለቀ ለምን ተሰቀለ?

አባ ኮስትር በላይ ብቸናን ይዞ ጣልያንን ጎጃም ላይ ዕረፍት የነሳ ሰው ነው። ከድሉ በኋላ ደጃዝማችነት ተሰጠው። ከእሱ ያነሰ የተዋጉ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ ያልተዋጉ፣ ከበላዩ ተሾሙ። ከጠቅላይ ግዛቱ ባለሥልጣናት ጋር ተጋጨ፣ ሸፈተ፣ ተያዘ። የሞት ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠለት። ከእስር ሲያመልጥ እንደገና ተያዘና በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ጣልያን አምስት ዓመት ፈልጎ ያጣውን አንገት የገዛ መንግሥቱ ገመድ አገባበት።

ሕግ ጥሷል የሚል ክርክር አለ፤ መንግሥት ላይ መሣሪያ ማንሳቱም እውነት ነው። ይህን ብዬ እንኳ ሳስበው ሆዴ ይባባል። «የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ» የሚለው አባባል እንዲሁ በባዶ ሜዳ አልተነገረም።

ባንዳ የተባለው ሁሉ ከሐዲ ነው?

ባንዳ ማለት መጀመሪያ ጣልያን ካገሬው ሰው ያደራጀው ተዋጊ ቡድን መጠሪያ ነው። በኋላ ስድብ ሆነ። በገንዘብና በሹመት ያደረ አለ፤ ወገኑን ያስገደለ፣ መንደር ያቃጠለ። ለእሱ ማስተባበያ የለኝም። ተገዶ የገባም አለ። ከንጉሡ ጋር የቆየ ቂም ስላለው የገባም አለ። ከባንዳ ወጥቶ ጠመንጃውን እንደያዘ ወደ አርበኛ የገባ ደግሞ እልፍ ነው። ከጣልያን ጦር የከዱ ኤርትራውያን አስካሪዎች ከአርበኞች ጋር ሆነው ተዋግተዋል። ስለዚህ «የእገሌ ዘር ባንዳ ነው» የሚለውን የሶሻል ሚዲያ ስድብ አትቀበሉ። ባንዳም አርበኛም ከአንድ ቤት ወጥተዋል።

ታዲያ ኢትዮጵያ ቅኝ ተገዝታለች ወይስ አልተገዛችም?

ጣልያን በወረቀት ገዝቻለሁ ብላለች። ግንቦት 1 ቀን 1928 ሙሶሊኒ ኢምፓየር አወጀ፤ ኢትዮጵያን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር አንድ አድርጎ «የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ» አላት። አገረ ገዥ ሾመ፣ ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀል ሕግ አወጣ፣ ግብር ጣለ። አዲስ አበባ ውስጥ ለነበረ ሰው ኑሮው የቅኝ ግዛት ኑሮ ነበር። ይህን መካድ የሞቱትን አያከብርም።

ነገር ግን ቅኝ መግዛት ማለት መያዝና ማደላደል ነው። ጣልያን አልተደላደለም። አርበኛው አንድ ቀን እንኳ ተኩስ አላቆመለትም። አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ሜክሲኮና ሌሎች ጥቂት አገሮችም ግዛቱን አልተቀበሉለትም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ አደባባይ ያለን በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ እኔ «ወረራ» እላለሁ። አያቴም «በጣልያን አገዛዝ ዘመን» ብላ አታውቅም። «በጠላት ጊዜ» ነው የምትለው። ጠላት ደግሞ ገዥ አይባልም።

ጣልያን ካሳ ከፍሏል? የተፈረደበትስ አለ?

በ1947 እ.ኤ.አ. የፓሪስ የሰላም ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ይላል። የቆቃ ግድብ የተሠራው ከጣልያን ካሳ ነው። ኢትዮጵያ ያኔ ያቀረበችው የሟች ቁጥር 760,300 ነበር። ከዚህ ውስጥ በረሃብና በስደት ያለቀው ብቻ 300,000 ነው።

በኢትዮጵያ ላይ ለተፈጸመው ግፍ ፍርድ ቤት የቆመ አንድም ጣልያናዊ የለም። ኢትዮጵያ ስም ዘርዝራ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቅርባ ነበር፤ ባዶሊዮና ግራዚያኒም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ባዶሊዮ ጣልያን ከጀርመን ጎን ስትለይ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለነበረ እንግሊዝ ከለለችው። ግራዚያኒ በ1950 እ.ኤ.አ. 19 ዓመት ተፈርዶበታል፤ የተፈረደበት ግን ከናዚ ጋር በመተባበሩ እንጂ በደብረ ሊባኖስ አይደለም። በጥቂት ወራት ውስጥ ተለቀቀ። በ2012 እ.ኤ.አ. አፊሌ በምትባል የጣልያን ከተማ መታሰቢያ በሕዝብ ገንዘብ ተሠራለት።